የጓሮ ዶሮ በብርድ ወራት፦ ማሞቅ፣ መዝጋት ወይስ ማድረቅ? ጩኸታሙ አውራ ዶሮስ?

ውርጭ መውረድ ሲጀምር የዶሮ አርቢ እጅ ቶሎ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል። ክፍተቱ በጨርቅ ይወተፋል፣ ቤቱ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ አምፖል ይንጠለጠላል። አውራ ዶሮው በሌሊት እየጮኸ ጎረቤት ካማረረ ደግሞ መዝጋቱ ሁለት ጥቅም ያለው ይመስላል፤ ብርዱም ይቀራል፣ ድምፁም ይታፈናል። ነገር ግን በብርድ ወራት ጤነኛ ዶሮን በብዛት የሚጎዳት ቅዝቃዜው ብቻውን አይደለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚታመቀው እርጥበትና የኩስ ሽታ ይብሳል። ከታች ያሉት አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ዓይን ነው።

መመሪያው ላባቸው የሞላ ከ3 እስከ 15 ዶሮዎች በጓሮው ለሚያኖር ሰው ነው። ስድስት ሳምንት ያልሞላቸው ጫጩቶች ሙቀት የግድ ስለሚፈልጉ ጉዳያቸው ሌላ ነው።

## መመዘኛዎቹ

አንዱን ከሌላው ከማወዳደር በፊት አምስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ ይህ ነገር ቤቱን ያደርቀዋል ወይስ ያረጥበዋል? ሁለተኛ፣ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ዶሮዎቹ ምን ይሆናሉ? ሦስተኛ፣ እሳት የማስነሳት፣ የማነቅ ወይም የማቁሰል አደጋ አለው? አራተኛ፣ በየቀኑ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያንን ሥራ በጨለማ፣ በውርጭ ጠዋት፣ ለሦስት ወር ሳያቋርጡ መሥራት ይቻላል? አምስተኛ፣ አውራ ዶሮ ካለ የጩኸቱን ሰዓትና ጉልበት ምን ያደርገዋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከአራቱም ይከብዳል። በሌላው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ቤቱን የሚያረጥብ አማራጭ መጣል አለበት። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም እርጥብ ኩስ ትጥላለች፤ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። ስድስት ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከዋሉ ወለሉ ላይ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይቀራል፤ በትንፋሻቸው የሚወጣው ሳይቆጠር። ያ ውሃ መውጫ ካላገኘ ይተንናል፣ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ጠብታ ይሆናል፣ ተመልሶም ቆጥ ላይ በተኙት ዶሮዎች ላባ ላይ ይንጠባጠባል።

የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከላይኛው ላባ ሥር ያለው ለስላሳ ላባ አየር ይይዛል፤ ዶሮዋ ብርድ ላይ እንደ ኳስ ተነፍታ የምትታየው ያንን አየር ለማብዛት ነው። ላባው ሲረጥብ ወይም ንፋስ ሲገልጠው የተያዘው አየር ይጠፋል። ላባ የሌለበት አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋና ከመንቁሩ ሥር የሚንጠለጠለው ደግሞ በእርጥብ አየር ውስጥ በውርጭ ለመመታት የቀረቡ ናቸው። አውራ ዶሮ ከሴቷ ቀድሞ የሚጎዳውም ይህ ሥጋ በእሱ ላይ ትልቅ ስለሆነ ነው። ዝርያም ለውጥ ያመጣል። ሌግሆርን አናቱ ላይ ረጅምና ቀጭን ሥጋ ስላለው ቶሎ ይመታል፤ ዋያንዶትና ብራህማ ግን ከራስ ቅላቸው ጋር የተጣበቀ አጭር ሥጋ ስላላቸው የተሻለ ይቋቋማሉ።

## ቤቱ፦ አራት መንገዶች

ጥብቅ አድርጎ መዝጋት። ወጪ የለውም፣ ሥራውም የአንድ ቀን ነው። ውጤቱ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በተዘጋው ቤት ውስጥ ከኩሱ አሞኒያ ይነሳል፤ መጠኑ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 25 እጅ ሲያልፍ ዓይንና የመተንፈሻ አካል ይጎዳል። ቆሞ ማሽተት አይበቃም። ጠዋት በሩ ገና እንደተከፈተ ጉልበት ላይ ተንበርክከው አፍንጫዎን ከዶሮዎቹ ቁመት ጋር ያስተካክሉ። ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት አድረዋል። እግረ መንገድዎን መዳፍዎን በጣሪያው የውስጥ ገጽ ላይ ያስኪዱ፤ እርጥብ ከሆነ ወይም ነጭ አመዳይ ከያዘ ቤቱ ከልክ በላይ ተዘግቷል።

የማሞቂያ አምፖል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቀዩ ባለ 250 ዋት አምፖል ነው። በሌሊት 14 ሰዓት ቢበራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በ90 ሌሊት 315 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከወጪው የሚከፋው አደጋው ነው። የአምፖሉ ገጽ ደረቅ ጉዝጓዝና አቧራ ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አለው፤ ዶሮ ስትበር ትመታዋለች፣ መንጠቆው ይላላል፣ ገመዱን አይጥ ይበላዋል። እንዳይሰበር ተብሎ በቴፍሎን የተለበጠ አምፖል ደግሞ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፎችን ይገድላል፤ የዶሮ ሳንባ ይህን ጭስ አይችልም። ሌላም ችግር አለ። በሞቀ ቤት የከረመች ዶሮ ሰውነቷ ብርዱን አይለምደውም፤ መብራት በከባዱ ሌሊት ሲጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሙቅ ወደ ውርጭ ትወድቃለች። ለአዋቂ ዶሮዎች ይህን አማራጭ አንመክርም።

ጠፍጣፋ ማሞቂያ። ከቆጡ ጎን ወይም ግድግዳ ላይ የሚታሰር ሰሌዳ ነው። ከ150 እስከ 200 ዋት ይወስዳል፣ አየሩን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ዶሮ ያሞቃል፣ ገጹም እንደ አምፖል አይግልም። ለታመመች፣ ላባዋን ለምትቀይር፣ ለአሮጌ ዶሮ ወይም እንደ ሲልኪ ላባው ውሃ ለማይመልስ ዝርያ ተገቢ ነው። ከአምራቹ በተወሰነው ርቀት መታሰር፣ ገመዱም ዶሮና አይጥ በማይደርስበት ቧንቧ ውስጥ ማለፍ አለበት። እርጥበቱን አያስወጣም፤ ስለዚህ የአየር መውጫውን አይተካም።

ያልሞቀ፣ ከላይ የተከፈተ ደረቅ ቤት። ለአብዛኛው ጓሮ ምርጫው ይህ ነው፤ በትክክል ከተሠራ ብቻ ግን። መርሁ ቀላል ነው፦ ከቆጡ በላይ ክፍት፣ ከቆጡ በታች ዝግ። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከጣሪያው ሥር በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ይሁን፤ በድምሩ ለአንድ ዶሮ እስከ 0.1 ካሬ ሜትር ይመድቡለት። ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ዓይን ባለው ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን፤ ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ አውሬ ይቀደዋል። ንፋስ ከሚመጣበት በኩል የሚዘጋና የሚከፈት ጣውላ ቢኖረው በዐውሎ ሌሊት ያንን አንድ ጎን ብቻ መዝጋት ይቻላል።

ቆጡ ከእንጨት ይሠራ፤ ብረት ከእግር ሙቀት ይስባል። 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ እንዲሆን ተደርጎ ሲታሰር ዶሮዋ ጣቶቿን ዘርግታ ትቀመጥና በደረቷ ላባ ትሸፍናቸዋለች። በክብና በቀጭን ቆጥ ላይ ግን ጣቶቿ ከፊት ተጠቅልለው ስለሚወጡ ለውርጭ ይጋለጣሉ። ለአንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በሌሊት ተጠጋግተው ስለሚያድሩ ቆጡ ሲረዝም ቤቱ አይሞቅም። ዶሮዎቹ ቆመው ራሳቸው ከአየር መውጫው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ንፋስ ቆጡ ላይ መድረሱን ለማወቅ ስስ የላስቲክ ቁራጭ ወይም ላባ በክር አስረው በተኙት ዶሮዎች ቁመት ያንጠልጥሉ። በንፋሳም ቀን በሩን ዘግተው በቀዳዳ ይመልከቱት። ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ አየሩ እየተለወጠ ነው። ወደ አንድ ጎን ተስቦ የሚርገበገብ ከሆነ ንፋሱ በቀጥታ እየመታቸው ስለሆነ ምንጩን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመውጫ በራቸው ወይም በእንቁላል መጣያው ሳጥን ክዳን በኩል ነው።

## ጉዝጓዝ

የእንጨት ፍቅፋቂ ለብርድ ወራት ቀዳሚው ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አየር ይይዛል። ጭድ ሙቀት ቢይዝም ሲረጥብ እንደ ምንጣፍ ይጣበቅና ከሥሩ ይሻግታል፤ የሻገተ ጭድ የሚያወጣው የአስፐርጂለስ ሻጋታ የዶሮን ሳንባ ይይዛል። ጭድ ብቻ ያለው ሰው ቢከታትፈውና በየሳምንቱ ቢያገላብጠው ይሻላል። ሰጋቱራ አቧራው ስለሚበዛ ብቻውን አይሁን። ወፍራም የታጠበ አሸዋ በደረቅ ወራት በየቀኑ ኩሱን እንደ ወንፊት በተበሳ አካፋ ለማንሳት ምቹ ነው፤ በብርድ ጊዜ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ረጥቦ ሲረጋም ድንጋይ ይሆናል።

ከዚያ የሚቀጥለው ምርጫ በየሳምንቱ ጠርጎ መቀየር ወይስ እየጨመሩ ማጥለቅ የሚለው ነው። ማጥለቅ የሚፈልግ ሰው ብርዱ ሳይገባ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ፍቅፋቂ ያንጥፍ፣ በየሳምንቱ በሹካ ከሥር ያገላብጥ፣ ላዩ ሲጋገር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይጨምርበት። ወራቱ ሲያልቅ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ የበሩ ደፍ ያንን ያህል ከፍ ያለ ጣውላ ይኑረው። ኩስ ናይትሮጅኑ የበዛ፣ ፍቅፋቂው ካርቦኑ የበዛ ስለሆነ ሲቀላቀሉ በውስጣቸው ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሽታውን ይቀንሳሉ። የጠለቀ ጉዝጓዝ ቤቱን ያሞቃል የሚለው ግን የተጋነነ ነው። በትንሽ ቤት ውስጥ ያለ ስስ ክምር የሚያመነጨውን ሙቀት ወዲያው ያጣዋል። ጥቅሙ ከመሬቱ ቅዝቃዜ መለየቱና ጠረጋውን ማቅለሉ ነው።

ትክክለኛውን እርጥበት እጅ ይነግራል። ከቆጡ ሥር እፍኝ ዘግነው ጨብጡና መዳፍዎን ይክፈቱ። ቀስ ብሎ ከተበተነ ጥሩ ነው። ኳስ ሆኖ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ያንን ክፍል አውጥተው ደረቅ ይተኩበት። ጨርሶ ሳይያያዝ አቧራ ሆኖ ከበነነ ደግሞ ከልክ በላይ ደርቋል።

ሁለቱንም መንገድ የሚያቀል አንድ ነገር አለ፦ ከቆጡ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚታሰር የኩስ ጣውላ። ዶሮ ከቀን ኩሷ ብዙውን የምትጥለው በረጅሙ ሌሊት ቆጥ ላይ ሆና ነው። ጠዋት በሁለት ደቂቃ ጠርገው ካወጡት የቤቱ ዋና የእርጥበት ምንጭ አብሮ ይወጣል። በውርጭ ቀን ኩሱ ረግቶ ስለሚያገኙት እንዲያውም ይቀላል።

## ውሃ

ዶሮ በብርድ ቀን 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ትጠጣለች። ውሃው ከረጋ መብላትም ትተዋለች፤ እንቁላሉም ይቆማል። በእጅ መቀየር የሚችል ሰው ሁለት የጎማ ሳህኖች ይበቁታል፤ ጎማ የረጋውን በረዶ ገልብጠው ሲረግጡት አይሰነጠቅም፣ ጥቁር ቀለሙም የፀሐይ ሙቀት ይስባል። ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ መስጠት ነው። ቀን ቤት የማይውል ሰው የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የውሃ ማሞቂያ መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ከዶሮ ቤት ማሞቂያ በጣም ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላል። ትልቅ የአናት ሥጋ ላለው አውራ ዶሮ ደግሞ በጠብታ የሚሰጥ የማጠጫ ጡት ከሳህን ይሻላል። ሳህን ላይ ሲጠጣ የሚንጠለጠለው ሥጋው ውሃ ውስጥ ይገባና ከወጣ በኋላ በውርጭ ይመታል። ጡቱ ግን ራሱ እንዳይረጋ ማጠራቀሚያው መሞቅ አለበት።

ውሃው እንዳይረጋ ጨው መጨመር አይገባም፤ ዶሮ በጨው ትመረዛለች። ማጠጫው ሌሊት ከቤቱ ይውጣ። በጨለማ አይጠጡም፣ ተንኖና ተገልብጦ ግን ጉዝጓዙን ያረጥባል። በብርድ ወራት የዱር ወፎች የሚያመጡት የወፍ ጉንፋን ስለሚበዛም ውሃና መኖ ከጣሪያ ሥር፣ የዱር ወፍ በማይደርስበት ይሁን።

## መብራት፦ እንቁላልና ጩኸት የሚጋጩበት

ዶሮ በደንብ ለመጣል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ሦስት ምርጫ አለ፦ ምንም አለመጨመር፣ ጠዋት መጨመር ወይም ማታ መጨመር። ባለመጨመር እንቁላል ይቀንሳል፤ ዶሮዋ ግን ላባዋን ቀይራ ታርፋለች፣ ይህም ጉዳት አይደለም። ለሚጨምር ሰው የተለመደው ምክር ጠዋት አብራ የሚለው ነው፤ ምሽት ላይ መብራቱ በድንገት ቢጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ በጨለማ ይቀራሉና።

አውራ ዶሮ ያለበት ቤት ግን ይህን ምክር ከመቀበል በፊት ቆም ማለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ሳያቋርጥ በሚበራ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ንጋት የሚባል ነገር በሌለበትም ጩኸታቸው በ24 ሰዓት አካባቢ እየተመላለሰ ቀጠለ። ሰዓቱ በውስጣቸው ነው። በተለመደው ብርሃን ደግሞ ከመንጋቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው መጮህ ይጀምራሉ። እንግዲህ መብራቱን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንዲበራ ያደረገ ሰው የአውራ ዶሮውን የውስጥ ሰዓት አስቀደመው ማለት ነው፤ ጩኸቱ 8 ሰዓት ላይ ሊጀምር ይችላል። አውራ ዶሮና የቅርብ ጎረቤት ያለው ሰው ብርሃኑን ማታ ይጨምር፦ ዋናው መብራት በታይመር ይጥፋ፣ ሌላ በጣም ደካማ መብራት ለ30 ደቂቃ ይቆይ፤ በዚያ ጊዜ ዶሮዎቹ ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። የብርሃኑ ጉልበት በዶሮዎቹ ቁመት ጋዜጣ ለማንበብ ከበቃ በቂ ነው፤ ለትንሽ ቤት ከ3 እስከ 5 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ይህን ይሠራል። በሳምንት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየጨመሩ ይሂዱ።

## አውራ ዶሮው

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ሴቷ ያለ አውራ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ እሱ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለሚያስፈልገው ሰውም ለ8 ወይም ለ10 ሴት አንድ ይበቃል።

ትርፍ አውራ ዶሮዎችን ብርዱ ሳይገባ ማረድ ወይም ለሚያኖር ሰው መስጠት ከሁሉም ያነሰ ጣጣ ያለው መንገድ ነው። አንዱ በቀን 130 ግራም ያህል መኖ ቢበላ በ90 ቀን ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። በረጅሙ ሌሊትና በጠባቡ ቤት ደግሞ አውራዎቹ ይደባደባሉ። ከዚህ ጋር አንድ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ከላይ የተጠቀሰው የጃፓን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጥናት ጠዋት ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ አውራ ዶሮ እንደሆነ፣ ሌሎቹ በማዕረግ ተራ እንደሚከተሉት፣ እሱ ሲነሳ ደግሞ ሁለተኛው ቦታውን እንደሚይዝ አሳይቷል። ከሦስት አውራዎች ዋናውን ጩኸታም መርጦ ማስወገድ ጸጥታ አያመጣም። አንድ ብቻ ሲቀር ግን መልስ የሚሰጠው ስለማይኖር የመቀባበሉ ጩኸት ይቀራል።

ቦታ መለወጥ። አንድ ሜትር ላይ የአውራ ዶሮ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፦ 100 የነበረው በ8 ሜትር 82፣ በ16 ሜትር 76፣ በ32 ሜትር 70 ያህል ይሆናል። ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ የሚመስለው በ10 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ ከ8 ወደ 16 ሜትር ማራቅ ይረዳል እንጂ አይፈታም። ቤቱን ከማራቅ ጋር የአየር መውጫዎቹን ከጎረቤቱ መኝታ ቤት ወደ ሌላ ጎን ማዞር ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚዘነጉት፣ ምንም ወጪ የሌለው እርምጃ ነው።

ግድግዳውን ማክበድ። ድምፅ የሚያቆመው ክብደትና ክፍተት አለመኖር ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ድርብ ግድግዳ፣ በሩ ዙሪያ የሚታሰር ጎማ ይሠራሉ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ድምፅ አያቆምም፤ ቀላል ነው፣ በላዩም ተባይ ይደበቅበታል። አየሩ ግን የግድ መውጣት ስላለበት እዚህ ላይ ትንሽ የአናጢ ሥራ ያስፈልጋል፦ በእያንዳንዱ የአየር ቀዳዳ ላይ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ የጣውላ ሳጥን ይሠራል፤ ውስጡ በድንጋይ ሱፍ ይለበጣል፣ ሱፉም ዶሮ እንዳይነቅለው በጨርቅና በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል። አየር እጥፋቶቹን ዞሮ ይወጣል፣ ድምፁ በየእጥፋቱ ይዳከማል። የመተላለፊያው ስፋት ከቀዳዳው ማነስ የለበትም። ሥራ የሚጠይቅ ቢሆንም እርጥበትንም ጩኸትንም አብሮ የሚያስተናግድ ብቸኛው መንገድ ስለሆነ ከሌሎቹ በላይ እንወደዋለን።

የሌሊት ሳጥን። አውራ ዶሮው ማታ ይገባበታል፣ ጠዋት በተመቸ ሰዓት ይወጣል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ መቆምና መዞር ይችላል፣ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ በሙሉ ጉልበት መጮህ ግን አይችልም። በብርድ ወራት ይህ ሳጥን አደገኛ የሚሆነው የራሱ ትንፋሽ በውስጡ ስለሚታመቅና የአናት ሥጋውን ስለሚያረጥበው ነው። የሚጠቀም ሰው በሁለት ጎን አየር ማስገቢያ ያድርግለት፣ ውርጭ በማይገባበት ዕቃ ቤት ያስቀምጠው፣ ደረቅ ፍቅፋቂ በየማታው ይቀይርለት፣ ከ10 ሰዓት በላይም አያቆየው። በውጭ ብርድ ላይ የተቀመጠ የታፈነ ሳጥን ግን ማሰቃየት ነው።

የአንገት ማሰሪያ። አየር በብዛት ወደ ላይ እንዳይገፋ አንገቱን የሚይዝ ጨርቅ ነው። ድምፁን ይቀንሳል፣ አያጠፋም። ሲጠብቅ ያንቃል፤ ምግብም ወደ ጉሮሮ ከረጢቱ እንዳይወርድ ሊያግድ ይችላል። በብርድ ወራት ሲጠጣ ጨርቁ ይረጥብና አንገቱ ላይ ይረጋል። ይህን አንመክርም። ሆኖም ምርጫው ይህ ወይም ማረድ ብቻ የሆነበት ሰው ማሰሪያውን ጠዋት ይሠር እንጂ ማታ አይሠር፣ ቀኑን ሙሉ ሊከታተለው ይገባልና። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ትንሿ ጣት ያለ ችግር መግባት አለባት። ወደ ኋላ መራመዱ ለጥቂት ሰዓታት የሚታይ ነው፤ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ወይም አናቱ መጥቆር ከታየ ግን ወዲያው ይፈታ። በማግስቱ ጠዋት የጉሮሮ ከረጢቱ ባዶ መሆኑን በእጅ ይዳብሱ።

ማኮላሸት አንዳንዴ እንደ መፍትሔ ይነሳል። የአውራ ዶሮ ቆለጥ በሆዱ ውስጥ ከኩላሊቱ አጠገብ ስለሆነ የሆድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

## ንጽጽሩ ባጭሩ

| አማራጭ | እርጥበት | መብራት ሲጠፋ | አደጋ | የቀን ሥራ | ጩኸት ላይ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጥብቅ አድርጎ መዝጋት | በጣም ይጨምራል | ለውጥ የለም | የሳንባና የውርጭ ጉዳት | ጥቂት | በመጠኑ ያፍናል |
| አምፖል፣ 250 ዋት | አያስወጣም | ድንገተኛ ብርድ | እሳት | ጥቂት | ብርሃኑ ያስጮኻል |
| ጠፍጣፋ ማሞቂያ | አያስወጣም | መለስተኛ | አነስተኛ | ጥቂት | የለውም |
| ከላይ ክፍት ደረቅ ቤት | ያደርቃል | ለውጥ የለም | የለም ማለት ይቻላል | 5 ደቂቃ | ድምፁን ያስወጣል |
| ደረቅ ቤት ከታጠፈ የአየር ሳጥን ጋር | ያደርቃል | ለውጥ የለም | የለም ማለት ይቻላል | 5 ደቂቃ | በደንብ ይቀንሳል |
| የሌሊት ሳጥን | በሳጥኑ ውስጥ ይታመቃል | ለውጥ የለም | የአናት ሥጋ መመታት | 10 ደቂቃ፣ ሁለቴ | የሌሊቱን ይቀንሳል |
| የአንገት ማሰሪያ | ጨርቁ ይረጥባል | ለውጥ የለም | መታነቅ | በየቀኑ ፍተሻ | ይቀንሳል፣ አያጠፋም |
| አውራ ዶሮ አለማኖር | ለውጥ የለም | ለውጥ የለም | የለም | የለም | ያጠፋል |

## ለማን የትኛው

ገንዘብ ለሌለውና ጫጩት ለማይፈልግ ሰው፦ ሴቶቹን ብቻ ያስቀር፣ ከጣሪያው ሥር ሁለት ቀዳዳ ይክፈት፣ የኩስ ጣውላ ያስር፣ ሁለት የጎማ ሳህን ይያዝ። ከሽቦ ወንፊቱ፣ ከፍቅፋቂውና ከሳህኖቹ ሌላ የሚገዛ ነገር የለም፤ ኤሌክትሪክም አያስፈልገውም።

ቀን ሥራ ለሚውል፣ ትንሽ ወጪ ለሚችል ሰው፦ ያለውን ገንዘብ ቤቱን በማሞቅ ላይ ሳይሆን ውሃውን በማሞቅ ላይ ያውለው። ጉዝጓዙን ያጥልቅ፤ የሳምንቱ አንድ ማገላበጥና የጠዋቱ ሁለት ደቂቃ ይበቁታል።

አሮጌ ወይም ደካማ ዶሮ ያለው ሰው፦ ደረቁን ቤት ቀድሞ ይሥራና ጠፍጣፋውን ማሞቂያ በቆጡ አንድ ጫፍ ብቻ ይሰር። ሙቀት የፈለገችው ትጠጋለች፣ ያልፈለገችው ትርቃለች። መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ ከሆነ ደካማዋን በሌሊት ውርጭ ወደማይገባበት ዕቃ ቤት ማስገባት ከማንኛውም ማሞቂያ የሚታመን ነው።

እርባታ ለሚፈልግ፣ ጎረቤቱም ቅርብ ለሆነ ሰው፦ አንድ አውራ ዶሮ፣ አጭር የአናት ሥጋ ካለው ዝርያ። የታጠፈውን የአየር ሳጥን ብርዱ ሳይገባ ያሠራ፣ መውጫውን ከጎረቤት ያዙር፣ የጠዋት መብራት አይጨምር። ይህን ሁሉ አድርጎ ጩኸቱ ካልበረደ የሌሊት ሳጥኑን በዕቃ ቤት ውስጥ ይሞክር። አውራ ዶሮ ቀንም እንደሚጮህ ግን ለጎረቤቱ አስቀድሞ ቢነግረው ይሻላል፤ ከእነዚህ መንገዶች ብዙዎቹ የሚያስታግሱት የሌሊቱንና የንጋቱን ነው።

አውራ ዶሮው በውርጭ ከተመታ የአናት ሥጋው ጫፍ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ያብጣል፣ በኋላ ይጠቁራል። አይሹት፣ በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ አያሙቁት፣ የጠቆረውንም አይቁረጡት፤ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ሥጋ እየጠበቀ ነውና በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ለብ ወዳለ ደረቅ ቦታ ያስገቡት፣ እብጠቱ ፈሳሽ ካወጣ ወይም መብላት ካቆመ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ቫዝሊን መቀባት ብዙ የሚወራለት ቢሆንም እርጥብ ቤት ውስጥ ብቻውን አያድንም። ጉዳቱን ባዩበት ጠዋት የጣሪያውን ውስጥ በመዳፍዎ ይዳብሱ፤ እርጥብ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ከመምሸቱ በፊት፣ ከላይ ሌላ ቀዳዳ ይክፈቱ።